ቤት ይቁጠረው

ሂርማታ ገበያ ጥግ ናት ጠባቧ የማህተም ቤቴ፣
ቁጥር ገልብጬ ስቀርጽ ያለፈባት ወጣትነቴ።
ኮምፒዩተር ገዛሁ ኋላ፣ ጎማ መፋቁ ሲቀር፤
ደረሰኝ አትማለሁ ዛሬ፣ የዕድር መዝገብ ጭምር።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት፣ አዌቱ ደፍርሶ ሞልቶ፣
ሞሞሉ ገባ በሩጫ፣ ፍላሹን በፌስታል ከቶ።
የላይቤሪያ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውሃ ምህንድስና ይማራል፤
አማርኛው የታክሲ ነው፤ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይገባል።

«የአጎቴ የሩዝ ሒሳብ ነው፣ በቫይ ቁጥር የጻፈው፤
ከመንደሩ በዚህ የሚቆጥር እሱ ብቻ ነው የተረፈው።»

ፋይሉን ስከፍተው ሳጥን። ከሳጥኑ ቀጥሎ ሳጥን።
አርብ ቀትር ለሶላት እንደተዘጋ ሱቅ መደዳውን።
«ተበላሽቷል» አልኩት። «አልተበላሸም» አለ፤
«ኮድ ተሰጥቶታል እኮ፣ ዓለም መዝገብ ላይ አለ።
ለእያንዳንዱ ቁጥር ቁጥር፣ ልክ እንደ ቀበሌ ቤት ቁጥር፤
አንተ ጋ የጠፋው ቁልፉ ነው፤ ፎንቱን እንፈልግ፣ እንሞክር።»

ለቁጥር ቁጥር! ሳቅሁ። እኔ ለዚች ጣሪያዋ ለሚያፈስ ቤት
ታርጋ ያገኘሁት በስንት ደጅ ጥናት፣ በስንት ዓመት።

ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ፣ መብራቱም አንዴ ጠፍቶ፣
ፎንቱ ወረደ በመጨረሻ፣ ከመግሪብ በኋላ አምሽቶ።
ሳጥኖቹ ተከፈቱ። ጥምዝ፣ ሰረዝ፣ እጄ የማያውቀው ቅርጽ፤
ቢላዬን ፈለግሁ ሳላስበው፣ ጎማ ላይ ገልብጬ ልቀርጽ።

«ይቺስ፣ ꘠?» ስለው፣ «ዜሮ» አለኝ ሞሞሉ።
የግዕዙ ዜሮ የለው፤ ፲ አሥር ነው ብቻውን፣ ፻ም መቶ ነው በሙሉ።
ያልመጣውን መጻፍ አልለመደብን፤ እናልፈዋለን በዝምታ፤
ያ አጎት ግን ላልመጣ ሩዝም መዝግቦለታል ቦታ።

ሰባት ብር ጎደለው ከሒሳቡ፤ «ነገ» ብሎኝ ሄደ።
ነገ ፈተና ሆነ፣ ምረቃ ሆነ፣ አንድ ቀን ወደ ሀገሩ ነጎደ።

ዱቤ ከያዝኩበት ፋይል፣ ከስሙ ጎን፣ ꘧ ብዬ መታሁ፤
ገቢዎች መጥተው «ይሄ ስንት ነው?» ቢሉኝ
«ቤት ይቁጠረው» አልኳቸው፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንባቢዬ፣ አንተም ጋ ከስሙ ጎን ሳጥን ብቻ ከታየ፣
ሰባት ነው። ማንም አልከፈለው፤
እኔም አልሰረዝሁት፤ ቆየ።