የሽባባው ሲሚንቶ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጥግ፣
ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፣ አቧራና ቫይረስ ቀን ቀን የምጠርግ።
ማታ፣ መብራት ካለ፣ ሱቄን ዘግቼበት፣
የሊኑክስን ኮድ እደግማለሁ እንደ ዳዊት።

ከመስመሩ ግርጌ የጻፊው ስም አለ፤
አንዱ ተማሪ ነው፣ አንዱ ያልታደለ
እንቅልፍ ያጣ መምህር፤ ሦስተኛው ጋ ቆየሁ፦
የታላቅ ኩባንያ አድራሻውን አየሁ።

ያ የራሱን ዕቃ በሰባት ቁልፍ ቆልፎ
በፈቃድ፣ በፊርማ፣ በዶላር የሚሸጥ፣
ምን ሊያደርግ መጣ እዚህ፣ በር ከሌለው ሜዳ፣
የደከመበትን ለሁሉም ሊሰጥ?

ትዝ አለኝ የሽባባው ወፍጮ።

ከላህ ወንዝ ተጠልፎ በሚወርደው ቦይ
አርባ አባወራ ነው የሚያጠጣ በተራ፤
ወፍጮው ግን የሱ ነው። ድንጋዩን ሲወቅር
ሰው አያስገባበት፤ ቁልፉ ካንገቱ ነው፣ ከማተቡ ጋራ።
ግን ክረምት አልፎ ቦዩ በተናደ ቁጥር
ከደቦው ቀድሞ እሱ ነው የሚደርስ፣
ሲሚንቶ በአህያ፣ ሁለት ግንበኛ ይዞ፣
ከወፍጮው አልፎ የሰው ማሳ ድረስ።

«ለነፍሱ ነው» አሉ የንስሐ አባቱ።
«ቦዩን ሊወስድ ነው» አለች ጎረቤቱ።
አባቴ አንሙት ግን ፊት ለፊት ጠየቀው።

ሽባባው ሳቀና፣ ጭቃውን አራግፎ፦
«ለብቻዬ ቆፍሬ ሌላ ቦይ ላውርድ ወይ?
ውሃ ከሌለበት መቀመጫ አይደል ወይ
የኔ ወፍጮ ድንጋይ?
አንድ ዓመት ደብቄ ሳንቃ አቁሜ ነበር፣
ለኔ እንዲመቸኝ፣ ሳልነግር፣ ሳልማከር፤
በበጋ ተሰብስባችሁ ቦዩን አዛወራችሁ፣
ሳንቃዬ ደረቅ ላይ ቀረ። እናንተ ምን አጠፋችሁ?
ከዚያ ወዲህ ብልሃቴን በፊታችሁ ላኑር፣
ቦዩ ሲዞር እሱም አብሮ እንዲዞር።
ደግሞስ፣ አንሙት፣ ‹የት ይታጠፍ?› ሲባል
አካፋ ያልያዘ ማን ይሰማዋል?»

ተንኮል ነው? ይሆናል። ጽድቅ ነው? እንጃ።
ቦዩ የሲሚንቶውን ልብ አይመረምርም።

አምና እኔም ሦስት መስመር ጨመርኩ።
ካላንደሩ፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን፣
አንዷን ቀን ይውጣት ነበር፣ በየአራት ዓመቱ።
አሁን ያቺ ቀን በያለችበት ትቆጠራለች፣
በተቆለፈውም ቤት፣ ዋጋ በሚጠየቅበቱ።
ተከፈለኝ? ኧረ።
ተናደድኩ? አንድ ሌሊት፣ አዎ።

ወፍጮው ዛሬም ቁልፍ ነው፤ ሽባባውም በቁና ያስከፍላል።
እናቴ ሽንኩርቷን ልታጠጣ ወጥታ
ተራዋ ደረሰ።