ጅሬን፣ ጅሬን፣ ሂርማታ

የእንጨት ቤቱ ቁልፍ ማታ ማታ የእኛ ነው።
አባ ቢያ፣ የተማም አጎት፣ በርጩማ ሲጠርብ ውሎ
"መጋዜን እንዳትነኩ" ይላል፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፤
ይሄዳል። የዋንዛው ብናኝ ገና ካየር ላይ አልወረደም፣
ሳናስነጥስ ጀምረን አናውቅም።

ተማም ድራሙ ኋላ ነው፤ መቀመጫው ሦስት እግር ያለው፣
አጎቱ ገዢ ያጣለት፣ አንድ እግሩ ትንሽ ያጠረው።
ሸምሲያ ቤዝ ትይዛለች፤ ቀን ፋርማሲ ነው ውሎዋ፣
ክኒን በአምስት በአምስት ስትቆጥር የተሳለ ነው ጣቷ።
በፍርዱ ጊታር። እኔም ጊታር፤ ወፍራሙ ክሬ ተበጥሶ
የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይጮኻል ቦታውን ወርሶ።

ዘፈኑን በፍላሽ ያመጣው በፍርዱ ነው።
"ከባድ ነው" አለ። ከባድ ሲል ጩኸቱን መስሎኝ ነበረ፤
ጩኸትማ ምን አለው? ጅማ ላይ ዝናብ
ቆርቆሮ ሲደበድብ ማን ደነበረ?
ከባዱ ቁጥሩ ነው፦ ሰባት።
ስድስት ብሎ እንደ ሰው አያርፍ፣ ስምንት ብሎ አይሞላ፣
አንድ እግሩን አንጠልጥሎ የሚያዘግም እንደ ሽመላ።

እኛ ደግሞ የስድስት ልጆች ነን። ሰርግ ቤት ያደገ እግር፣
በችክችካ የተገራ ትከሻ፣ ጭንቅላት የማያማክር፤
ሰባተኛዋ ምት ስትመጣ ሁላችን ቤት ገብተናል፣
እሷ ደጅ ቆማ ታንኳኳለች፤
በሩን ዘግተን ተኝተናል።

ሦስት ሳምንት።
በጣት ቆጠርን፣ በእግር ቆጠርን።
በፍርዱ በኖራ ግድግዳው ላይ ሰባት ጭረት አሰመረ፤
"አራት ላይ ገባህ!" "አንተ ነህ አምስት ላይ የቀረኸው!"
ተማም ዱላውን ብናኙ ውስጥ ወረወረና
"ዘፈኑ ነው የተሳሳተ" አለ፣
"የሠሩት ሰዎች መቁጠር ካቃታቸው፣ የኛ ጥፋት ምኑ ላይ አለ?"

በአራተኛው ሐሙስ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በሩን ለአየር ከፈትነው።
ማንም አይናገርም። የተኳረፈ ሰው ዝምታ
ከድራምም ይከብዳል።
ከመንገዱ ማዶ ታክሲ ቆሟል፣ የመጨረሻው፣ ግማሽ ባዶ፤
ወያላው፣ ድምፁ የሻከረ፣ በሩን በመዳፉ እየመታ፦

"ጅሬን፣ ጅሬን፣ ሂርማታ!
ጅሬን፣ ጅሬን፣ ሂርማታ!"

ሸምሲያ ነች መጀመሪያ ቀና ያለችው።
ከንፈሯ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፤ ክሩን በአውራ ጣት ነካችው።
ተማም ተንበርክኮ ዱላውን ይፈልጋል።
በፍርዱ "ቆይ፣ አንድ የሚባለው የቱ ጋ ነው?" ሲል፦
"አትቁጠር" አለችው፣ "ተሳፈር!"

ተሳፈርን።
ጅሬን ላይ ረግጠን፣ ጅሬን ላይ ረግጠን፣ ሂርማታ ላይ ተንደርድረን፣
ያቺ ደጅ ያደረች ምት በየዙሩ እየገባች፣
የፍሬን ሽቦዬ ማቆም የተፈጠረበትን ረስቶ፣
ሚስማር ከመደርደሪያው እየረገፈ፣
ያልተወለወሉት በርጩማዎች ግድግዳው ሥር
በሦስት በሦስት እግራቸው እየተንቀጠቀጡ።
አንድ ደቂቃ ይሆናል። ቢበዛ አንድ ተኩል።

ወያላው አንገቱን አስገባና "ምንድን ነው? ሰው ሞቶ ነው?" አለ።
"ያንተ ዘፈን ነው" አለው ተማም።
አላመነም። ታክሲው ሞላ፤ ሄደ።

መካከሉ ላይ ደግሞ አሥራ ሦስት የሚሉት ቦታ አለ፤
እሱን ገና አልያዝነውም። ከተማውን በሙሉ ዞርንበት፣
ቢሺሼን ከአጂፕ ደመርን፣ ኮቺን ከአዌቱ፣
አንዴ አሥራ ሁለት ይመጣል፣ አንዴ አሥራ አራት።
"አዲስ መስመር እስኪከፈት እንጠብቅ" ይላል ተማም።

የኖራውን ጭረት ግን ማንም አላጠፋውም።
አባ ቢያ የታዘዘ ዕቃ መስሎት፣
ስድስት በርጩማ ጨርሶ
ሰባተኛውን ይጠርባል።