ያልታተመ

ስድስት ዓመት ሞላኝ ቱሉ ዲምቱ ጓሮ፤
“ምዕራፍ ሦስት ይታረም” አሉኝ ደግሞ ዘንድሮ፣
አማካሪዬ በስልክ።

ባትሪ ያለው ሜትሬን ገና ስዘረጋ
ኦቦ ቱፋ ዘበኛው፣ ጠጠር ይዘው ጠጋ።
ጣሉት። ጆሮ ሰጥተው እስኪነካ ሰሙ።
“አርባ ሁለት ክንድ ነው፤ ካምናው ራቀ” አሉኝ።
ሜትሬም ሃያ አንድ አለ።
ቁጥሮቹ ገጠሙ።

መቶ ሰማንያ ስም ማጣቀሻዬ ላይ፤
አንድ የለም ከነሱ ጎንበስ ብሎ የሚያይ
ይሄን ጉድጓድ።
“ቱፋ” ብዬ ጻፍኩኝ፣ ዓመት ፈለግሁለት፣
አጣሁ።
“ያልታተመ” አልኩት።

ማታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባዶ ቧንቧ ሲያፏጭ
ጀሪካኑን ተደግፌ
ምዕራፍ ሦስትን ገለጥሁ፤
ጠጠር ጣልኩበት።

እስካሁን አልነካም።