የአንድ ደረጃ ቁመት

ፖርቶ፣ ትራሙ ሲዞር ጥርሱን በሚያፋጭበት
ቁልቁል ጠባብ መንገድ፣ ባንድ አሮጌ ቤት፣
ዴኦሊንዳ ትሸጣለች ቁልፍ፤
የኮት፣ የሸሚዝ፣ የእጅጌ ጫፍ፣
የቀንድ፣ የዛጎል፣ የነሐስ፣ የእንጨት፣
በትንንሽ መሳቢያ ስትከት፣ ስትለይ ሠላሳ አራት ዓመት።
ሺህ ቁልፍ ያላት ሴት፤
በሯን የሚከፍት ግን አንድ የጎደላት።

አንሴልሞ ልብስ ሰፊ ነው። እግሮቹ
ወደብ ክሬን ሥር ከቀሩ ወዲህ፣ ሁለት ጎማዎቹ
ያደርሱታል እስከ ደጇ ድረስ።
ከዚያ አንድ ድንጋይ አለ። አንድ ደረጃ፤
ቁመቱ ስንዝር እንኳ የማይደርስ።

እናም ይጣራል ከውጭ፦ «ዴኦሊንዳ!
ጥቁር፣ ባለ አራት ቀዳዳ!
ለወንድ ካፖርት!»
ትሪ ይዛ ትወጣለች፣ በሩጫ፣ በትሕትና ብዛት፤
ከዘነበ ጃንጥላ ትይዝለታለች፣
«ደንበኛዬን አላንገላታም» ብላም ትኮራለች።

ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።
አንድ የኅዳር ጧት፣ ጉም ከውቅያኖስ መጥቶ ጣራውን አቀፈ፤
አንሴልሞ ትሪውን ገፋ አርጎ
«ጥሩ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ሁሌም ጥሩ ነው። ግን ታውቂያለሽ ወይ፣
የምመርጠው ሁሌ አንቺ ከመረጥሽው ላይ?
ያ ከመስተዋቱ ሥር፣ ጥጉ ላይ ያለው፣
ቀዩ ነገር ምንድን ነው?
ዐሥራ አንድ ዓመት ከዚህ አየሁት።
አምጪ እንዳልልሽ፣ ካመጣሽው መግዛቴ ነው፤
እያልኩ ተውኩት።»

እሷ ዝም አለች።
ትሪው ላይ ቁልፎቹ ተንጫጩ፤
ነፋስ ግን አልነበረም።

ማታውን በሪባን መለኪያዋ ድንጋዩን ለካች፤
የአሮጌ ቁም ሣጥን መዝጊያ ነቅላ አጋደመች።
በማግስቱ አንሴልሞ ሽቅብ ተንደረደረ፤
ግማሽ ደርሶ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ሐዲዱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረ፤
ዳቦ ሻጩ ባይዘው!
እሱ ሳቀ። እሷን ግን እንባ ያዛት፣ ተናደደች፣
የቁም ሣጥኑን መዝጊያ በእርግጫ መታች።

አናጢው ዜፈሪኖ መጣ፣ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤
«ሽቅብ አንድ ስንዝር ካልሽ፣ አግድም ዐሥራ ሁለት ነው» አለ።
«መንገዱ አይበቃም። ድንጋዩ ይነሣ፤
ተዳፋቱ ወደ ውስጥ ይግባ። ሦስት መደርደሪያ ይበላል።
የአባትሽም ባንኮኒ... እሱም ዝቅ ይላል።»

እህቷ ሰማችና «ለአንድ ሰው?» አለቻት።
«የጠራኝ አንድ ሰው ነው» ብላ መለሰችላት፤
«ሳይጠሩኝ ያለፉትን ማን ቆጠራቸው?»
የባንኮኒው እግር ሲቆረጥ ግን
ጓዳ ገባች። መጋዙን መስማት አልቻለች።

አንሴልሞ ገባ።
ማንም ሳይገፋው፣ ማንም «አይዞህ» ሳይለው፣
ቀጥ ብሎ ወደ ጥጉ። ቀዩን አነሣው፦
የመርፌ መሰኪያ፣ በቲማቲም አምሳል፣
አቧራ የጠጣ፣ ለሽያጭም ያልዋለ።
«ይኸው ነው?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ መስተዋቱን ነቀነቀ።
ከዚያ መሳቢያ ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላ ከፈተ።
ዛጎሉን በጣቱ ዳሰሰ፣ ቀንዱን ለብርሃን አነሣ፣
የነሐሱን ዋጋ ጠይቆ «ውድ ነው» ብሎ ተወ።
አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እሷ ሪባን እየጠቀለለች፣
ምን ልርዳህ እንዳትል ምላሷን ነክሳ እንደያዘች፣
ሁሉንም አየ።

«ዛሬ ምንም አልገዛም» አለ። «ደኅና ዋይ።»
ወጣ።

እሷም ልታየው ተከተለችው እስከ ደጃፉ፤
እዚያ ስትደርስ፣ በለመደው ልማዱ፣
እግሯ ከፍ አለ፣
ለሌለ ደረጃ፤
ባዶ ረግጣ ተንገዳገደች።