ደረቅ በረዶ

ከኤድመንተን የተጫነ አርባ ብልቃጥ ደም፣
ዊኒፔግ ሊያርፍ ሲል ሰማዩ አልፈቀደም፤
ሬጃይና ጣሉት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው፣
ሳጥኑ ውስጥ ግን ብርዱ ሊያልቅ ነው፤
ሰው የሚገድል ብርድ ለሴል አይበቃው።

በዚያ ከተማ የማውቀው አንድ ሰው፦
ኦዴት ላፍላሽ።
አምና ጥናቴን «አርባ ሰው ያንሳል» ብላ የመለሰች፤
ስሟን ባትጽፍም በሥርዓተ ነጥቧ ያወቅኋት፣
ለአንድ በጀት ሁለት ዓመት የተናከስኳት።
ደወልኩ።
ዝም አለች።
«ስንት ኪሎ በረዶ?» አለች።

በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣
የላቦራቶሪዋን በረዶ በአካፋ ዝቃ፣
ጠራጊ መኪና ባልደረሰበት መንገድ ነዳች።

ከብልቃጦቹ አንዱ፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣
ባለቤቱ ከሞተ ወር አልፎታል፤
ሴሉ ግን ሳንባውን የበላውን የቲቢ ተሕዋስ
ዛሬም በመልኩ ያውቀዋል።
ቂም ነው ይሄ፤
የሚያድን ቂም።

ሳጥኑ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ፣
በረዶው እስከ አፉ ሞልቶ፤
ክዳኑ ላይ፣ በወፍራም እስክሪብቶ፦
«አሁንም አርባ ያንሳል።
ስልሳው እኔ ጋ አለ።»