የመጨረሻው ሩብ ሰዓት

ትኬት ቀዳጅ ነኝ፣ ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ጀርባ ባለው አዳራሽ፤
ግማሹ ለተመልካች፣ ግማሹ ለእኔ፣ ቀን ሲመሽ።
ጠዋት አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ እበልታለሁ፤
ማታ ሽታው ከእጄ ሳይለቅ በር ላይ እቆማለሁ።
ወጣቱ ትኬቱን ሲቀበል አፍንጫውን ይይዛል፤
"ዛሬስ ቆሮሶ ናት" ይላል፤ ጓደኛው ይስቃል።

ይህን ፊልም አሥራ አንድ ማታ አየሁት፣ ቆሜ፣
የመጋረጃውን ጠርዝ በትከሻዬ ተሸክሜ።
አባት ነው። ልጁን ገደሉበት፤ መዝገቡን ዘጉበት፤
እሱም መዶሻ ገዛ፤ ከተማው ሌሊቱን ተወለት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይጥላል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤
"በለው!" ይላል የኋላው ረድፍ፤ ፉጨት ቆርቆሮ ይበሳል።

ግን የመጨረሻው ሩብ ሰዓት አለ።
አራተኛው ሰው፣ የተንበረከከው፣ "እኔ አይደለሁም" ያለ፣
እውነትም እሱ አልነበረም።
አባትየው መዶሻውን ያጥባል፤ ያጥባል፤ ውሃው አይጠራም።
ያኔ ማንም አያጨበጭብም። አንዱ ያስላል።
ሰው ሲወጣ ጫማ ጫማውን ያያል።

እኔም ልጅ ነበረኝ። ላንቃሞ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።
ለአንዲት ስልክ ብለው፣ ሐይቁ ዳር፣ ጩቤ በደረቱ።
ያየች በቆሎ ጠባሽ አንድ ነገር ብቻ አለች፦
"ግራ ጆሮው ጫፍ የለውም።" ቃሏን ሳትፈርም ከከተማ ወጣች።
መርማሪው ሁለት ዓመት "ተመለሺ" አለኝ፤ ተመላለስኩ፤
"በማስረጃ እጦት" የሚል ወረቀት ተቀበልኩ፤
አጥፌ፣ ከቢላዋዬ ጋር፣ በአንድ ጨርቅ ጠቀለልኩ።
ከዚያ ወዲህ ፊት አላይም፤ ጆሮ ነው የማየው፣
በባጃጅ፣ በጸሎት ቤት፣ ለትኬቱ ጎንበስ ሲል ሰው።

ትናንት መጣ።
ረድፍ ዘጠኝ፣ ወንበር አራት። ግማሹን ትኬት ሰጠሁት፤
ግራ ጆሮው ጫፍ የለውም። መንገዱን በባትሪ አሳየሁት።

ፊልሙን ትቼ እሱን አየሁ።
አባት ልጁን ሲቀብር ይሄ ሰው አለቀሰ፤ አየሁ።
መዶሻው ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው
እሱ ነው፤ "በለው!" የሚለውም ድምፅ የእሱ ነው።
ገዳይ ለገዳይ ሞት ያጨበጭባል? ወይስ ንጹሕ ነው?

ሦስተኛው ወድቆ፣ አራተኛው ሊንበረከክ ሲል፣ መብራት ሄደ፤
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ሰዉ እየተሳደበ ነጎደ።

ጨርቁን ከብብቴ ሥር አወጣሁ። ተከተልኩት።
ወደ ሐይቁ ወረደ። አባ ኮዳዎች ዛፉ ላይ አቀርቅረዋል፣
እንደ ዳኛ አልልም፤ ዳኛ እንኳ አንዳንዴ ቀና ይላል።

ቆመ። ሲጋራ ለኮሰ። ዞረ።
"እናቴ፣ አንቺ በሩ ላይ የምትቆሚው አይደለሽ?
ሳታዪው አትቀሪም፤ መጨረሻው ምን ሆነ? እስቲ ንገሪኝ ካየሽ።"

አራተኛው ሰው ጉሮሮዬ ውስጥ ተንበረከከ።
በመሃላችን አንድ ክንድ፤
ሥጋ ከአጥንት የት እንደሚለይ እጄ ያውቃል።

ከባጃጅ ውስጥ ጓደኛው ጮኸ፦ "ታረቀኝ! ና እንጂ፣ መሽቷል!"
ስሙ ነው። ለእኔ ቢሆን "ታረቂኝ" ይል ነበር። ለእኔ አልተባለም።
ግን እጄ አንተንና አንቺን አይለይም።

"ነገ ና" አልኩት። "መጨረሻ ያዩታል እንጂ አይነግሩትም።
ትኬቱ በእኔ ነው፤ አትከፍልም።"
"ተባረኪ" ብሎኝ ሮጠ። ጎዶሎው ጆሮ
በባጃጁ መብራት በራ፤ ጠፋ ዞሮ።

ዛሬ ረድፍ ዘጠኝ፣ ወንበር አራት ይዤለታለሁ፤
ለጄኔሬተሩም ነዳጅ በራሴ ገንዘብ ገዝቻለሁ።
ሩብ ሰዓቱ ሲደርስ ባትሪዬን ፊቱ ላይ አበራለሁ።
ቢያለቅስ ምን እንደማደርግ፣ ባያለቅስ ምን፣ አላውቅም።
ጠዋት ቢላዋዬን ሳልኩ፤
እንደ ሁልጊዜው፣ ለዓሣ።
ይመስለኛል።