አስር ሜጋ ለአምስት በር

ሰባራ ባቡር ነው፤ ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ፣
ዝገት የበላው በር፣ አምስት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ ለሁሉ።
ራውተሩ እኔ ክፍል ነው፤ ከኮርኒሱ ጥግ፣ ምስማር ላይ፣
አረንጓዴ ዓይኑን ሲያርገበግብ ያድራል እኔው ላይ።
አስር ሜጋ።
ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ከየደጁ ለቅሜ የምከፍለው፤
መዋጮው እኩል ነው። እኩል ያልሆነው ጠጪው ነው።

ጋሽ ወንድይራድ ቅዳሜ፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ሞልቶ፣
የሳሩን ቅጠል ካልቆጠርኩ፣ ኳስ አይደለም ይላል ከቶ።
ብርነሽ የስፌት መኪናዋን በእግሯ እየመታች፣
አማርኛ የሚናገር ቱርክ ከፍታ ታለቅሳለች።
እትዬ ፍሬሰንበት፣ ጉልበቷ ደብር አላደርስ ቢላት፣
ስልኳን ትራስ ላይ አቁማ ማኅሌት ትቆማለች ሌሊት።
ዘርይሁን አናጢው፣ መስማት የተሳነው፣
ሐዋሳ ያለ ወንድሙን በእጁ ነው የሚያወራው።
አምስተኛዋ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ለቀቅሁት፤ ይሻሙ ብዬ።
ቪዲዮ የሚበላው እንደ ሰው ነው፤ ጎርሶ፣
ጉንጩን ሞልቶ ያላምጣል፣ እጁን ወደ ጭኑ መልሶ።
ሌላው ትሪውን ያይና፣ ባዶ ሜዳ ይመስለዋል፤
እፍኝ ሙሉ ሲዘረጋ፣ ያ አላምጦ ይመለሳል።
እጅ ለእጅ ይጋጫሉ።
የብርነሽ ቱርክ ደብዝዞ፣ ፊቱ ጡብ በጡብ ይሆናል፤
ይጠራል። ደግሞ ይደበዝዛል።
ጽናጽሉ ከፍ እንዳለ አየር ላይ ይቀራል፤
አፉ የሰፋው ቴሌቪዥን ግን፣ ሳያፍር ይጨምራል።

እሺ ብዬ አካፈልኩ፤ ሁለት ሁለት ለየበሩ፣
ሳላዳላ ለማንም፣ ለዕድሜው ሆነ ለክብሩ።
ኩራት ኩራት አለኝ።
ያን ማታ በመስኮቱ ሳልፍ ዘርይሁንን አየሁት፤
አንገቱን ወደ ስልኩ አስግጎ፣ እጆቹን አየር ላይ እንዳቆመ አገኘሁት።
የወንድሙ እጅ ከግማሽ ቃል ላይ ቆሟል፤
ከደረቱ ተነስቶ የት ሊደርስ እንደነበር ማን ያውቃል?
ለእኛ ምስሉ ቢቆም ድምፁ ይደርሳል፤ እንገምታለን።
ለእሱ ግን ምስሉ ነው ድምፁ፤ ሲቆም፣ አፍ እንደ መያዝ ነው።
እኩል ነበር እኮ። ሁለት ሁለት።

እናቴ ቦኖ ትጠብቅ ነበር፣ ከድልድዩ በታች፤
ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ፣ ሳንቲም እየቆጠረች።
ወረፋ ወረፋ ነው፤ ሹም ቢመጣ አታስቀድምም።
የአራስ ቤት ጀሪካን ሲደርስ ግን ሰልፉን አታይም።
ያጉረመረመ ካለም፣ ቧንቧውን ሳትዘጋ፦
«ያንተ ውሃ ቢዘገይ የሚያድረው ልብስ ነው፤ የእሷ ቢዘገይስ?»

ሌሊቱን ሴቲንጉን ፈትቼ ገጠምኩት።
ለዘርይሁን ሦስት፤ ሲደውል ማንም የማይነካት።
ለማኅሌቱ አንድ ተኩል፤ ምስሉ ቢደክም ዜማው እንዳይቆረጥ።
ለብርነሽ ሁለት፤ «ፊቱን ልየው እንጂ» ብላኛለች፣ «የሸሚዙ ቁልፍ ምን ያደርግልኛል»።
ለሳሩ ሦስት።
ለእኔ ግማሽ፤ ዓይንና አፍንጫ የሌለው ሰው ዜና ያነብልኛል።

ቅዳሜ ሲመሽ፣ ከጎን ካለው ግሮሰሪ ጩኸት ፈነዳ፤
የጋሽ ወንድይራድ ኳስ ገና መሀል ሜዳ።
በነጠላ ጫማ ገባ፤ «ማስተዋል! ጎሌን ሰረቅሽኝ!»
መልስ አልሰጠሁም፤ በአገጬ ወደ መስኮቱ አሳየሁት።
ማዶ፣ በአምፖሉ ሥር፣ የዘርይሁን እጆች ይሮጣሉ፤
ይጋጫሉ፣ ይስቃሉ፣ እንጨት እንደሚልግ ሰው ይገፋሉ።
«ምን እያለ ነው?»
«እኔ እንጃ። ግን አልተቆረጠም።»
ትንሽ ቆመ። ጫማውን ከወለሉ ጋር አፋጨ።
«ቢሆንም» አለ ሲወጣ፣ «ለጭማሪ ደቂቃው ግማሽ ልቀቂልኝ።»
ግማሿ የእኔዋ ነበረች።
ለቀቅሁለት።